ጆርጅ ግሪን፦ ከወፍጮ ቤት የወጣው የሒሳብ ሊቅ

ካልኩለስ የወሰደ ተማሪ ሁሉ የግሪንን ቴዎረም ያውቀዋል፤ ፈተና ላይም ሳያስጨንቀው አልቀረም። ለመሆኑ ግሪን ማነው ቢባል ግን ብዙዎቻችን መልስ የለንም። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት ባጭሩ እንመልከት (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ጆርጅ ግሪን በ1793 በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃም ተወለደ። አባቱ ዳቦ ጋጋሪ ነበር። ልጁ ትምህርት ቤት የገባው በ8 ዓመቱ ሲሆን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው አቋርጦ ሥራ ጀመረ። በ1807 አባቱ ከከተማው አጠገብ በነፋስ የሚሠራ ወፍጮ አስገነባ፤ ግሪንም ለዓመታት እዚያው እህል ሲፈጭ ኖረ። ሒሳብን ያጠናው ከሥራ በተረፈችው ሰዓት፣ በራሱ ነው።

በ1828 ሒሳብን ለኤሌክትሪክና ለማግኔት ጥናት ስለመጠቀም የሚገልጽ ሥራውን በራሱ አሳተመ። ፖቴንሺያል የሚለውን ስም ለፋንክሽኑ የሰጠውም በዚህ ሥራ ነው። አንድ አካል ውስጥ የሚሰላን ኢንተግራል አካሉን በሸፈነው ገጽ ላይ ከሚሰላው ጋር የሚያያይዘው ቀመርም እዚሁ አለ። ችግሩ ምንድነው? ገዢዎቹ 50 ያህል ብቻ ነበሩ፤ ብዙዎቹም የሒሳብ ሰዎች አልነበሩም።

ከነሱ መካከል ግን ካምብሪጅ የተማረው ኤድዋርድ ብሮምሄድ ነበረበት። የሥራውን ክብደት ተረድቶ ልርዳህ ብሎ ጻፈለት። ግሪን የይሉኝታ ነገር መስሎት ለረጅም ጊዜ መልስ ሳይሰጥ ቆየ! በኋላ ግን ተገናኙ፤ በብሮምሄድ ግፊትም ግሪን በ1833፣ በ40 ዓመቱ፣ ካምብሪጅ ገብቶ ከወጣቶች ጋር አንደኛ ዓመት ጀመረ። በ1837 በሒሳብ ፈተና 4ኛ ወጥቶ ተመረቀ፤ በ1839 የኮሌጁ አባል ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ታሞ ወደ አገሩ ተመለሰና በ1841 አረፈ።

ያኔ የ1828ቱን ሥራ የሚያውቀው ሰው ከቁጥር አይገባም ነበር። በ1845 ግን በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው ወጣቱ ዊልያም ቶምሰን ጽሑፉን ከአስተማሪው እጅ አገኘ። ፓሪስ ወስዶ ለሒሳብ ሊቃውንት አሳየ፤ ከ1850 ጀምሮም በጀርመን መጽሔት እንዲታተም አደረገ። ዛሬ የግሪን ፋንክሽን ከፊዚክስ እስከ ኢንጂነሪንግ የማይገባበት የለም።

ግሪን ይህን ሁሉ አላየም። ሥራው የተረፈው ሁለት ሰዎች በትዕግሥት ስላነበቡት ነው። እኛም ስሙ ያልታወቀ ሰው የጻፈውን ከመናቃችን በፊት ገለጥ አድርገን ብናየው አይከፋም።