ትምህርት የከበደው የዜማ አባት
ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ፣ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም ተወለደ። አባቱ በሕፃንነቱ ስለ ሞተ እናቱ ታውክልያ ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን በአደራ ሰጠችው። ይሁን እንጂ መዝሙረ ዳዊትን ማጥናት ተስኖት ዘወትር ይገረፍ ነበር። ከቅጣቱ ሸሽቶ በዛፍ ጥላ ሥር ሳለ፣ አንድ ትል ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው ሲደርስ ተመለከተ። በዚህም ተጽናንቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ በጸሎትና በትዕግሥት አእምሮው ተከፈተለት። ከዚያም በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልት ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰልን።

ግንቦት 11 ቀን በዓሉ ሲከበር፣ በቦሌ መድኃኔ ዓለም የሚቆመው ማኅሌት ሁሉ የዚያ ሕፃን ፍሬ መሆኑን እናስብ። ፊደል የከበደው፣ ጆሮው ግን ለዜማ የነቃ ልጅ ያላቸው ወላጆችም ሊመኩበት እንጂ ሊያፍሩበት አይገባም።