ማሕተማ ጋንዲና ፍሬው የማይጠበቅ ሥራ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ዘይት በሚያወርደው በአሮጌው መንገድ የሚሄድ ሰው ሳሪስ አቦን ሳያልፍ አቃቂ አይደርስም። ወር በገባ በ5ኛው ቀን፣ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ መታሰቢያ በሚውልበት ጧት፣ ነጠላውን ያጣፋ ሠራተኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሳልሞ፣ ሰዓቱ እንዳያልፍበት እየተጣደፈ ወደ ሥራው ሲያመራ ማየት በዚያ ሰፈር የተለመደ ነው። ጸሎትና ሥራ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት ይስማማሉ? አንዱ ሌላውን ይጫነዋል ወይስ ይሸከመዋል? በዚህ ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲመላለሱ ከኖሩት ሰዎች አንዱ ማሕተማ ጋንዲ ናቸው፤ ዛሬ የምንጽፈውም ስለ እርሳቸው ነው።

የሕንዱን ሰው ታሪክ ከዚህ መንገድ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም። መንገዱ ወደ ታች ሲዘልቅ አቃቂ ላይ በ1950ዎቹ ዓ.ም. ለተቋቋመው የሕንድና የኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከሕንድ ወገን ገንዘብና ባለሙያ ያመጣለት ቢርላ የሚባለው የታወቀ የነጋዴ ቤት ነበር። የዚህ ቤት አለቃ ጋንሽያምዳስ ቢርላ የጋንዲ ወዳጅና ረዳት ነበሩ፤ ጋንዲ የመጨረሻ ቀኖቻቸውን ያሳለፉትም፣ የሞቱትም በደልሂ በቢርላ ቤት ነው። በእጃቸው ጥጥ የሚፈትሉት ድኻ መሰል ሽማግሌና የባለ ብዙ እንዝርቱ ፋብሪካ ጌታ እንዴት ተወዳጁ የሚል ቢኖር፣ መልሱን ጋንዲ ከአንድ ጥንታዊ መጽሐፍ ባገኙት ትምህርት ውስጥ ያገኘዋል።

መጽሐፉ ባጋቫድ ጊታ ይባላል። ማሃባራታ ከተባለው እጅግ ረጅም የሕንድ የጦርነት ግጥም ውስጥ የሚገኝ፣ 18 ምዕራፍና 700 ያህል ስንኝ ያለው ክፍል ነው። አርጁና የሚባል መስፍን በኩሩክሼትራ ሜዳ ሊዋጋ ተሰልፎ ሳለ፣ ከፊቱ የቆሙት ዘመዶቹና መምህሮቹ መሆናቸውን አይቶ ቀስቱን ይጥልና በሠረገላው ውስጥ ይቀመጣል። ሠረገላውን የሚነዳለት ክሪሽና ግን በሰው መልክ የተገለጠ አምላክ ነው። ክሪሽና የሚያስተምረው ነገር በአጭሩ ሲነገር፣ ሰው ሥራ ሳይሠራ ሊኖር እንደማይችል፣ መሥራት የእርሱ ድርሻ ሲሆን የሥራው ፍሬ ግን በእጁ እንዳልሆነ፣ ስለዚህ ለፍሬው ሳይስገበገብ፣ ፍሬውንም ፈርቶ ሥራውን ሳይተው ግዴታውን እንዲፈጽም ነው። ሕንዶች ይህን የሥራ መንገድ ካርማ ዮጋ ይሉታል። ከጎኑ ባክቲ የሚባል የፍቅርና የአምልኮ መንገድ አለ፤ ልቡን ለአምላክ የሰጠ ሰው ሥራውንም ፍሬውንም ለእርሱ ያቀርባል። እነዚህን መንገዶች የሚያስተምር ሰው ጉሩ ይባላል። ጉሩ ማለት የኔታንና የንስሐ አባትን በአንድ ሰው ላይ ደርቦ እንደ ማየት ነው።

አንባቢያችን ፍሬውን ካልጠበቀ ገበሬ ለምን ያርሳል ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ገበሬውም ቢሆን ማረሱን ያርሳል እንጂ ዝናሙን አያዘንመውም። ጊታ የሚናገረው በእርሻውና በዝናሙ መካከል ስላለው ስለዚህ ስፍራ ነው።

ሞሐንዳስ ካራምቻንድ ጋንዲ መስከረም 23 ቀን 1862 ዓ.ም. በምዕራብ ሕንድ በባሕር ዳርቻ በምትገኘው በፖርባንዳር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የዚያች ትንሽ ግዛት ዋና ሹም ነበሩ። እናታቸው ፑትሊባይ ጾም ወዳድ ነበሩ። በዝናም ወራት ፀሐይን ሳያዩ እህል ላለመቅመስ ስእለት ይገቡና ልጆቹ ውጭ ቆመው ደመናውን ሲጠባበቁ ይውላሉ፤ ፀሐይ ብቅ ስትል እየሮጡ ይጠሯቸዋል፤ እናት ከቤት እስኪወጡ ድረስ ደመናው መልሶ ይሸፍናታል። እርሳቸውም የዚያን ቀን ምግብ አምላክ እንዳልፈቀደላቸው ቈጥረው፣ ፊታቸው ሳይጠቍር ወደ ጓዳቸው ይመለሱ ነበር። ሑዳዴን የሚጾም ኢትዮጵያዊ እኒህን እናት ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ራምባ የምትባል ሞግዚት ደግሞ ሕፃኑ ጨለማና ጋኔን ሲፈራ የራማን ስም ደጋግሞ እንዲጠራ አስተማረችው። ባክቲ የተባለው ነገር ወደ ጋንዲ የገባው ከሊቃውንት ጉባኤ ሳይሆን ከእነዚህ ሁለት ሴቶች ነው።

በ13 ዓመታቸው በዕድሜ እኩያቸው የሆኑትን ካስቱርባን አገቡ፤ በ1881 ዓ.ም. ሕግ ሊማሩ ሎንዶን ገቡ። እዚያም በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ገደማ ሁለት እንግሊዛውያን ወዳጆቻቸው ጊታን በሳንስክሪት አብረዋቸው እንዲያነቡ ቢጋብዟቸው ታላቅ እፍረት ያዛቸው፤ መጽሐፉን በሳንስክሪትም ሆነ በተወለዱበት በጉጃራቲ ቋንቋ አንብበውት አያውቁም ነበርና። መጀመሪያ የቀመሱት በእንግሊዛዊው ባለቅኔ በኤድዊን አርኖልድ ትርጕም ነው። ባሕር ማዶ ተሻግሮ የአገሩን መጽሐፍ ከባዕድ እጅ የሚቀበል ተማሪ ጋንዲ የመጀመሪያው አይደሉም፤ የመጨረሻውም አልሆኑም።

በ1883 ዓ.ም. ጥብቅናውን ጨርሰው ቦምባይ በደረሱበት ዕለት ራይቻንድ ከሚባል የጌጣጌጥ ነጋዴ ጋር ተዋወቁ። ራይቻንድ በዕድሜ ከእርሳቸው ብዙም የማይበልጥ፣ የጃይን ሃይማኖት ተከታይ ነበር። ስለ አልማዝና ስለ ዕንቍ የብዙ ሺሕ ሩፒ ውል ሲዋዋል ይቆይና ገዢው ገና ከመውጣቱ የጸሎት መጽሐፉን ወይም የግል ማስታወሻውን ገልጦ ስለ ነፍስ መጻፍ ይጀምር ነበር። ሱቅና ገዳም በአንድ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ጋንዲ ያዩት በዚያን ጊዜ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሳሉ ስለ ሃይማኖት ጥርጣሬ በገባቸው ጊዜም የጥያቄ ደብዳቤ የጻፉት ለእርሱ ነበር። እንዲህም ሆኖ ራይቻንድን ጉሩ ብለው በልባቸው ላይ አላነገሡትም። ጉሩ ያስፈልጋል የሚለውን የአባቶቻቸውን ትምህርት ያምኑ ነበር፤ ፍጹም መምህር ግን አላገኙም፤ መንበሩም ባዶ ቀረ። በኋላ ብዙ ሺሕ ሕዝብ ጋንዲን ራሳቸውን ጉሩ አድርጎ እግራቸውን ሊነካ ሲጋፋ፣ እርሳቸው ሲሸሹ የኖሩት ምናልባት ይህን ባዶ መንበር እያሰቡ ይሆናል።

በ1885 ዓ.ም. አንድ የሕንድ ነጋዴ ቤት ለሙግት ቀጥሯቸው ደቡብ አፍሪካ ሄዱ። የአንደኛ ማዕርግ ቲኬት ይዘው ሳለ በፒተርማሪትዝበርግ ጣቢያ ከባቡር መጣላቸው በየመጽሐፉ የተጻፈ ስለ ሆነ አናረዝመውም። እኛን ይበልጥ የሚስበን ከዚያ በኋላ በጆሐንስበርግ ስመ ጥር ጠበቃ ሆነው የኖሩት ኑሮ ነው። ጧት ጥርሳቸውን ለመፋቅ 15 ደቂቃ፣ ገላቸውን ለመታጠብ 20 ደቂቃ ይፈጅባቸው ነበር። ጥርሳቸውን በሚፍቁበት ጊዜ የጊታን ስንኞች በወረቀት ጽፈው ከፊት ለፊታቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና በቃላቸው ያጠኑ ነበር፤ በዚህ ዓይነት 13 ምዕራፍ ያዙ።

ከመጽሐፉ ግን አንድ ነገር አስጨነቃቸው፤ ይኸውም ንብረትን የእኔ አለማለት የሚለው ትምህርት ነው። ሚስት፣ ልጆች፣ ቤትና ደንበኛ ያለው ሰው ሁሉን ጥሎ በረሃ ይግባን? መፍትሔውን ያገኙት ከባሕታውያን ሳይሆን በሎንዶን ካጠኑት የሕግ መጽሐፍ ነው። በእንግሊዝ ሕግ ባለአደራ የሚባል ሰው አለ፤ ብዙ ሀብት በእጁ ያልፋል፣ ያዝዝበታል፣ ይጠብቀዋል፣ ሒሳቡንም ያቀርባል፤ ከሀብቱ ግን አንዲት ሳንቲም የእርሱ አይደለችም። ጋንዲ ጊታን ያነበቡት በዚህ መነጽር ነው። በቦምባይ የገቡትን የ10,000 ሩፒ የሕይወት ኢንሹራንስ አቋረጡ፤ ለታላቅ ወንድማቸውም ከእንግዲህ የሚተርፋቸውን ገንዘብ ለሕዝቡ ሥራ እንጂ ለቤተ ዘመድ እንደማይልኩ ጻፉ። ወንድማቸው ተቀየሙ፤ ለብዙ ጊዜም ተኳረፉ። የመንግሥት ገንዘብ በእጁ የሚያልፍ ወጣት ሹም ይህን ትርጕም ከሃይማኖት ክርክር ለይቶ ቢመለከተው አይጐዳም።

ይህ ትርጕም ከቤታቸው ውስጥ ምን እንዳስከተለም መነገር አለበት። በ1894 ዓ.ም. ለጊዜው ወደ ሕንድ ሲመለሱ ሕዝቡ ላገለገሉት አገልግሎት ወርቅ፣ ብርና አልማዝ አበረከተላቸው፤ ለካስቱርባም ዋጋው 50 ጊኒ የሆነ የወርቅ ሐብል ተሰጣቸው። ጋንዲ ሌሊቱን ሲንጐራደዱ አድረው፣ ስጦታውን ሁሉ ለሕዝቡ ጥቅም በአደራ ለማስቀመጥ ቈረጡ። ልጆቹን አስቀድመው አሳመኑ። ካስቱርባ ግን ሐብሉ የተሰጠው ለእርሳቸው እንጂ ለባላቸው አለመሆኑን፣ ባል ለሕዝብ የደከሙት ሚስት በቤት ሌት ተቀን ስለ ደከሙ መሆኑን እያለቀሱ ተከራከሩ። ተረቱና ሐብሉ ሄደ። እኛ ክርክሩን ስናነበው የካስቱርባ መልስ መልስ ያገኘ አይመስለንም። የራስን ፍሬ መተውና የሌላውን ፍሬ ማስተው አንድ አይደሉም።

መስከረም 1 ቀን 1899 ዓ.ም.፣ በእኛ አገር ዕንቍጣጣሽ በሚከበርበት ዕለት፣ በጆሐንስበርግ ኢምፓየር ቴያትር 3,000 ያህል ሕንዶች ተሰብስበው አሻራቸውን ሰጥተው እንዲመዘገቡ ለሚያስገድደው ሕግ ላለመታዘዝ በአምላክ ስም ማሉ። በኋላ ሳትያግራሃ የተባለው፣ ማለት ለእውነት ያለ ዱላ መጽናት፣ የተወለደው በዚያ ቀን ነው።

በ1907 ዓ.ም. ሕንድ ገቡ። በፖለቲካ መምህሬ ይሏቸው የነበሩት ጎክሌ አንድ ዓመት ሙሉ አገሩን ዞረው እንዲያዩ እንጂ እንዳይናገሩ አዘዟቸውና ወዲያው ሞቱ። ጋንዲ በአህመዳባድ አጠገብ የማኅበር ቦታ አቋቁመው፣ ከማይነኩት ወገን የሆነ አንድ ቤተ ሰብ ቢቀበሉ ረጂዎቻቸው ሁሉ ገንዘባቸውን ከለከሉ። በ1910 ዓ.ም. የከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች 35 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ጠይቀው ሥራ ሲያቆሙ ከሠራተኞቹ ጋር ቆሙ፤ የባለፋብሪካዎቹ መሪ አምባላል ሳራባይ ግን ወዳጃቸው ነበር፤ የሠራተኞቹ ደጋፊ አናሱያ ደግሞ የዚሁ ሰው እኅት ነበረች። ነገሩ በጾምና በሽምግልና አለቀ። ጋንዲ ባለጠጋውን ለማጥፋት ሳይሆን ባለአደራ ለማድረግ ይመኙ ነበር፤ ከቢርላ ጋር ያወዳጃቸውም ይህ ምኞት ነው። ስንት ባለጠጋ በእውነት ባለአደራ ሆነ ቢባል፣ ቍጥሩ የሚያኰራ አይመስለንም።

የጊታ ትምህርት በጋንዲ ላይ የተፈተነው በድል ቀን ሳይሆን በ1914 ዓ.ም. ነው። አገሩ በሙሉ ለእንግሊዝ መንግሥት አልታዘዝም ብሎ በተነሣበት ጊዜ ቻውሪ ቻውራ በምትባል መንደር የተቈጣ ሕዝብ ከ20 የሚበልጡ ፖሊሶችን ከነጣቢያቸው አቃጠለ። ጋንዲ ዘመቻውን በአንድ ቃል አቆሙ። ጓደኞቻቸው አዘኑ፣ ተናደዱ፤ ፍሬው ከእጅ ሊገባ ሲል ዛፉን የቈረጡ መስሏቸው ነበር። እርሳቸው ግን በመጥፎ ሥራ የሚገኝ ፍሬ የእርሳቸው እንዳልሆነ ተናግረው ወደ ወህኒ ወረዱ። ከስምንት ዓመት በኋላ መጋቢት 3 ቀን 1922 ዓ.ም. ከ78 ተከታዮች ጋር በእግር ተነሥተው 385 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው፣ መጋቢት 28 ቀን ዳንዲ ከምትባል ባሕር ዳር ጨው አነሡ፤ በዚያ ዘመቻ 60,000 ያህል ሰው ታሰረ። ጊታን ወደ ጉጃራቲ የተረጐሙበት መጽሐፍ የወጣውም ጕዞው በተጀመረበት ዕለት ነው።

እንግዲህ ከባዱ ጥያቄ ይመጣል። ክሪሽና አርጁናን ያዘዘው እንዲዋጋ ነው። ቲላክ የሚባሉት የሕንድ አርበኛ በማንዳላይ ወህኒ ስለ ጊታ ታላቅ መጽሐፍ ጽፈው፣ ለግዴታ ሲባል መዋጋት እንደሚገባ ከዚሁ መጽሐፍ አስረዱ። ጋንዲ ግን ሜዳው የሰው ልብ፣ ጦርነቱም የበጎና የክፉ ሐሳብ ትግል ነው አሉ። ይህ ክርክር እኛንም ይነካል። በ1928 ዓ.ም. ኔህሩ የሚመሩት ኮንግሬስ በሕንድ አገር የኢትዮጵያን ቀን አክብሮ ከእኛ ጋር ማዘኑን ሲገልጽ፣ ጋንዲ በ1930 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያን ያለ መሣሪያ፣ በጽናት ብቻ ቆመው ቢሞቱ ኖሮ ለሙሶሊኒ የበለጠ መልስ ይሆን እንደ ነበር ጻፉ። ለእኒህ ሰው ያለን አክብሮት ታላቅ ነው፤ በዚህ ግን አንስማማም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የታረደው ሕዝብ መሣሪያ አልያዘም ነበር፤ የገዳዮቹም ልብ አልራራም። በ1933 ዓ.ም. ከረን ላይ ፋሺስቱን ከገፉት መካከል የሕንድ ክፍለ ጦሮች ነበሩ፤ እነዚያ ወታደሮች ለእኛ አርጁናን ሆነው መጡልን።

የጋንዲ ኑሮ ለቤታቸው ሰው ቀላል አልነበረም። የበኵር ልጃቸው ሐሪላል ከአባቱ ተጣልቶ በመጠጥ ተበላሸ። ካስቱርባ በየካቲት 1936 ዓ.ም. ከባላቸው ጋር ታስረው ሳሉ፣ ራሳቸውን በጋንዲ ጭን ላይ እንዳደረጉ ሞቱ።

በ1939 ዓ.ም. መጨረሻ ሕንድ ነጻ ወጣች፤ ወዲያውም ተከፈለች፤ ሂንዱና እስላም ተራረዱ። ጋንዲ በነጻነቱ በዓል በደልሂ አልተገኙም፤ በካልካታ ሁከቱን ለማብረድ ይጾሙና ይጸልዩ ነበር። ጥር 4 ቀን 1940 ዓ.ም. በደልሂ እንደገና ጾም ጀመሩ፤ የከተማዋ እስላሞች ደኅንነት እንዲጠበቅ ፈለጉ፤ በጾሙም መካከል መንግሥት ለፓኪስታን የሚገባውን 550 ሚሊዮን ሩፒ ለመክፈል ተስማማ። በስድስተኛው ቀን የሁሉም ወገን መሪዎች ቃል ስለ ሰጡ ጾሙን ፈቱ። እኛ ጥምቀትን በምናከብርበት በጥር 11 ቀን በጸሎቱ ቦታ ቦምብ ፈነዳ፤ ጸሎታቸውን አላቋረጡም፤ ጠባቂ እንዲበዛባቸውም አልፈቀዱም። ጥር 21 ቀን፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ በቢርላ ቤት አትክልት ውስጥ ወደ ማታ ጸሎት ሲሄዱ ናቱራም ጎድሴ የሚባል ሂንዱ ሦስት ጥይት ተኰሰባቸው። የራማን ስም ጠርተው እንደ ወደቁ አጠገባቸው የነበሩት ይናገራሉ። 78 ዓመታቸው ነበር።

ገዳዩም ጊታን አንባቢ ነበር፤ የፈጸመው ግዴታውን መሆኑን በፍርድ ቤት ተከራከረ። ከጋንዲ ልጆች ሁለቱ፣ ማኒላልና ራምዳስ፣ ሰውየው በሞት እንዳይቀጣ መንግሥትን ለመኑ፤ ልመናቸው ተቀባይነት አላገኘም። ኅዳር 6 ቀን 1942 ዓ.ም. ወደ ስቅላቱ ሲወሰድ በእጁ የያዘው ያንኑ መጽሐፍ ነበር።