የዘር ነው የተባለው ደዌ፤ የዶክተር አርማወር ሃንሰን ሕይወት

በአዲስ አበባ ከአለርት ሆስፒታል አጠገብ በአርማወር ሃንሰን ስም የተሰየመ የምርምር ተቋም መኖሩን ብዙዎቻችን ሰምተናል። ባለ ስሙ ማን እንደ ነበረ የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ የዚህን ሐኪም ሕይወት፣ ምስጋናውንም ነቀፋውንም ሳንሸሽግ፣ በአጭሩ ልናወሳ አሰብን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጌርሃርድ አርማወር ሃንሰን በ1841 በኖርዌይ ምዕራባዊ ዳርቻ በምትገኘው በበርገን ከተማ ተወለደ። ከ15 ልጆች ስምንተኛው ነበረ። አባቱ ንግዱ የከሰረበት ሰው ስለ ነበር፣ ልጁ ዛሬ ኦስሎ በምትባለው በክርስቲያንያ ሕክምና ሲማር ኑሮውን የቻለው ራሱ እየሠራ ነው። ከመካከላችን ኪሱ የሳሳ ሁሉ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል። በ1866 ትምህርቱን ጨረሰ። በሰሜን በሎፎተን ደሴቶች የዓሣ አጥማጆች ሐኪም ሆኖ ጥቂት ጊዜ ካገለገለ በኋላ፣ በ1868 ወደ በርገን ተመልሶ በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሥራ ያዘ።

የዚያን ዘመን ኖርዌይ ዛሬ የምንሰማት ባለጠጋ አገር አልነበረችም። የምዕራቡ ዳርቻ ባላገር ጥቂት እርሻና ዓሣ ይዞ፣ በጠባብ ቤት ብዙ ሆኖ የሚኖር ድኻ ነበረ። የሥጋ ደዌም የበረታው በእርሱ ላይ ነው። በሽታው ቆዳን ያሳብጣል፣ እጅና እግርን ያደነዝዛል፣ ሲብስም ዓይን ያጠፋል። መንግሥት በ1856 መዝገብ ከፍቶ፣ በየአገሩ ያለ ሐኪም እያንዳንዱን ሕመምተኛ በስሙና በመንደሩ እንዲጽፍ አደረገ። በዚያን ጊዜ የተቈጠሩት 2,858 ነበሩ።

ደዌው ቤት ይመርጣል፤ አንዱን ቤተ ሰብ ደጋግሞ ሲመታ ጎረቤቱን ሳይነካ ያልፋል። ከዚህም የተነሣ የዘመኑ ታላቅ ሊቅ ዶክተር ዳኒኤልሰን በሽታው በዘር የሚወርድ ነው ብሎ አስተማረ። ከሕመምተኞች የተወሰደውን በገዛ ሰውነቱ ላይ እየወጋ ቢሞክረውም ስላልያዘው፣ ተላላፊ አለመሆኑን ያረጋገጠ መሰለው። ይህ ሐሳብ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን ለጋብቻ ዘር ሲጠየቅ፣ በአያት በቅድመ አያት ይህ ደዌ የነበረበት ቤት ልጅ ምን ያህል እንደ ተገፋ እናውቃለን። ደዌው በደም ነው ከተባለ ልጁ ሳይወለድ ተፈርዶበታል ማለት ነው።

ወጣቱ ሃንሰን ግን የአለቃውን ቃል እንዳለ አልተቀበለም። መዝገቡን ይዞ ወደ ገጠሩ ወጣ፤ ማን ከማን ጋር እንደ ኖረ፣ መጀመሪያ ማን እንደ ታመመ እየጠየቀ በየመንደሩ ዞረ። ወንድማማቾችን የሚያገናኛቸው ደም ብቻ አይደለም፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ገበታም ነው። ቍጥሩን ሲያስተያይም፣ ብዙ ሕመምተኞች ወደ ሆስፒታል በገቡበት አገር አዲስ የሚታመመው ሰው ቶሎ እያነሰ መሄዱን አየ። የዘር ነገር ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

በ1873 ጥር የዳኒኤልሰንን ልጅ አገባ። በየካቲት መጨረሻ ላይ፣ ከአንድ ሕመምተኛ እብጠት የወሰደውን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ እንደ ዘንግ ያሉ ጥቃቅን ነገሮች አየ። ሚስቱ ግን በዚያው ዓመት በሳንባ ነቀርሳ ሞተችበት። ያየውን በ1874 አሳትሞ አወጣ። ሥር የሰደደ የሰው በሽታ በባክቴሪያ እንደሚመጣ ካመለከቱት ከመጀመሪያዎቹ ግኝቶች አንዱ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ ማየት ማረጋገጥ አይደለም። ባክቴሪያውን ለማርባት ሞከረ፤ አልሆነለትም። በእንስሳትም ላይ ሞከረ፤ አልያዘም። በ1879 ኒሰር የሚባል ወጣት የጀርመን ሐኪም ወደ በርገን መጥቶ ናሙና ወሰደና፣ በቀለም አጥርቶ አሳይቶ ግኝቱን የራሱ ለማድረግ ተነሣ። በዚያው ዓመት ሃንሰን ሕይወቱን ያጎደፈውን ሥራ ሠራ። በሆስፒታሉ የምትታከም አንዲት የ33 ዓመት ሴት ነበረች። ሳይጠይቃትና ሳትፈቅድ፣ ከሌላ ሕመምተኛ የተወሰደ ነገር በነካ ስለት ዓይኗን ወጋት። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሴቲቱም ቀርባ የደረሰባትን ተናገረች። ሃንሰን ብጠይቃት እንደማትፈቅድልኝ ስለ ገመትሁ አልጠየቅኋትም ብሎ አመነ። በ1880 የሆስፒታል ሐኪምነቱን እንዲለቅ ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለት ይገባናል። የድኾችን ልጆች ከዘር ፍርድ ያወጣ ሰው፣ አንዲት ድኻ ሴት በገዛ ዓይኗ ላይ ባለመብት መሆኗን ረሳ። ዓላማው ትልቅ ነበር፤ ትልቅነቱ ግን ሥራውን አላቀናለትም። ነገ ከመካከላችን ሐኪም፣ አስተማሪ ወይም ተመራማሪ ሆኖ መዝገብ ይዞ ወደ ገጠር የሚወጣ ሁሉ፣ ዕውቀቱ የሰውን ፈቃድ እንደማይተካ ከዚህ ይማር።

በመላ አገሪቱ የሥጋ ደዌ ዋና ሐኪምነቱ ግን አልተነካም። በእርሱ ምክር በ1877 እና በ1885 ሕግ ወጣ። ቀድሞ ድኾች ሕመምተኞች ከእርሻ ወደ እርሻ እየተዘዋወሩ ይጦሩ ነበር፤ ይህ ተከለከለ። በቤቱ የሚቀመጥ ሕመምተኛ የተለየ ክፍልና አልጋ እንዲኖረው፣ ይህ ካልሆነ ወደ ሆስፒታል እንዲገባ ታዘዘ። ሕጉ ቤተ ሰብ የለየ ከባድ ሕግ ነበር፤ ሸክሙንም የተሸከመው ሕመምተኛው ነው። በ1875 የታወቁት ሕመምተኞች 1,752 ነበሩ፤ በ1901 ከ600 በታች ሆኑ። ለዚህም የኑሮው መሻሻል አብሮ ረድቷል።

በ1888 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በዚያ የሰፈሩትን የኖርዌይ ሕመምተኞች ልጆችና የልጅ ልጆች ፈለገ፤ በእነርሱ ላይ ደዌውን አላገኘም። በ1909 የዓለም የሥጋ ደዌ ሐኪሞች በበርገን ሲሰበሰቡ ሊቀ መንበር ሆነ። በ1912 የካቲት ወር፣ ለቍጥጥር ጉዞ በወጣበት በፍሎሮ ከተማ ሞተ።

ባክቴሪያው ዛሬም በላቦራቶሪ ብልቃጥ አይረባም። በሽታው ግን በመድኃኒት ይድናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ያጸደቀው የተጣመረ መድኃኒት ብዙ ሚሊዮን ሰው ፈውሷል። በስሙ የተጠራው ተቋምም በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት በ1970 በከተማችን ተመሠረተ። መድኃኒት ያልደረሰበት አንድ ነገር ቀርቷል፤ እርሱም አንደበታችን ነው። ቁማጣ የሚለውን ስድብ ስንሰማ ዝም የምንል፣ ለጋብቻ ዘር ሲመረመር አብረን የምንመረምር ከሆነ፣ ሃንሰን በ1873 የሻረውን ፍርድ እኛ የተማርነው መልሰን እናጸናዋለን።