ሙሴ ኢልግ፦ ለገሀርን ሳያይ ያለፈው የባቡር ሰው

ስለ አገራችን ባቡር ሲነሳ ቀድመው የሚታወሱን ዳግማዊ ምኒልክና ፈረንሳዮች ናቸው። ሐሳቡን ከውል ያደረሰው ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ግን እምብዛም አይነሳም። ዛሬ እሱን ላስታውስ እወዳለሁ። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኢልግ በ1854 በሰሜን ምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በፍራውንፌልድ ከተማ ተወለደ። ምሕንድስና የተማረው በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ነው። የትውልድ ከተማው ዊል ከምትባል ጎረቤት ከተማ ጋር በባቡር የተገናኘችው እሱ ከአገሩ ከወጣ በኋላ፣ በ1887 ነበር። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ ነው። ባቡሩ እስከ ዛሬ በፍራውንፌልድ ጎዳና ላይ ከመኪናው ጋር እየተጋፋ ያልፋል። ኩር በተባለችው ከተማም በ1914 የተከፈተው የአሮሳ ባቡር መንገድ ለመንገድ ሄዶ ከከተማ ከወጣ በኋላ እስከ 1,739 ሜትር ከፍታ ተራራውን ይወጣል። ስዊዞች ጠባቡን ሐዲድ የመረጡት ወደው አይደለም። ጠባብ ሐዲድ በአጭር ኩርባ ስለሚታጠፍ ተራራ መናዱንና ቤት ማፍረሱን ይቀንሳል፤ ወጪውም ያንሳል።

የጂቡቲ-አዲስ አበባው የድሮ ሐዲዳችን ስፋትም ይኸው አንድ ሜትር ነበር። ተራራ ለበዛባትና ገንዘብ ላጠራት አገር የሚስማማው እሱ ነውና።

ኢልግ በ1879 አንኮበር ሲደርስ ገና ወጣት ነበር፤ ምኒልክም ያኔ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። በአዋሽ ላይ ድልድይ ሠራ፤ ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት የቧንቧ ውኃ አስገባ። የንጉሡን አመኔታ ያገኘው በሥራው ነው። በመጋቢት 1894 የ99 ዓመት የባቡር ኮንሴሽን ተሰጠው። ከጂቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከዚያም በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚዘልቅ ሕልም ነበር። በ1897 ደግሞ የመንግሥት አማካሪ ተባለ።

ችግሩ ውሉ እንጂ ካፒታሉ ከኢትዮጵያ አለመሆኑ ላይ ነበር። ኢልግና ሸሪኩ ሊዮን ሸፍኔ ያቋቋሙት ኩባንያ ገንዘብ ያጥረው ጀመር። ሐዲዱ ሐረርን ትቶ ቆላ ቆላውን ሄደ፤ ድሬዳዋ የተቆረቆረችውም በዚሁ ሰበብ ነው። በ1902 ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ድጎማ ሲቀበል ምኒልክ እጅግ ተቆጡ። ባቡሩ የኢትዮጵያ መሆኑ ቀርቶ የሌላ መንግሥት መሣሪያ ሊሆን ነው ብለው ሠጉ። ሐዲዱ በዚያው ዓመት ድሬዳዋ ቢደርስም ለዓመታት ከዚያ አላለፈም። ኩባንያውም በ1907 ከሰረ።

ኢልግ በ1906 አገሩ ገብቶ ነበር። በጥር 1916 ዙሪክ ውስጥ አረፈ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በተከታዩ ዓመት፣ በ1917 ነው።

እኔን የሚቆጨኝ ግን የሰውየው ዕድል ብቻ አይደለም። ስዊዞች ጠባቡን ሐዲዳቸውን በኤሌክትሪክ እያደሱ እስከ ዛሬ ሲጠቀሙበት፣ የኛው በአብዛኛው አርጅቶ ቆሟል። በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው አዲሱ መስመር ሰፊ ሐዲድ አለው፤ የተሠራው ግን በአብዛኛው በቻይና ብድር ነው። የሐዲዱን ስፋት መምረጥ የመሐንዲስ ሥራ ነው። ገንዘቡ በምን ውል እንደሚመጣ መጠየቅ ግን የባለ አገሩ ሥራ ነው፤ ምኒልክ በ1902 የተቆጡትም በዚህ ነበር።