ብላቴን ጌታ ኅሩይ ከእንጦጦ እስከ ባዝ

ባለፈው ሰሞን ወደ ሻሸመኔ ስንወርድ የተሳፈርንበት መኪና ጎማው ተነፈሰና ቡልቡላ ላይ አቆመን። ቡልቡላ ከዝዋይ ሐይቅ ወጥቶ ወደ አብያታ በሚወርደው ወንዝ ስም የምትጠራ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ጎማው እስኪጠገን ድረስ ከአንዲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን። እዚያም አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ከየት እንደመጣን ጠይቀውን ጨዋታ ጀመርን። ጋሼ (ስማቸውን አንጽፍም) ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ወንበሩን፣ ምንጣፉን፣ የመኪናውን ጎማ፣ ለኤምባሲ የሚላከውን ሰንደቅ ዓላማ ሳይቀር በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ወጪ ሲያደርጉ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው።

ጋዜጣ ጸሐፊዎች መሆናችንን ሲያውቁ አንድ ወቀሳ አቀረቡልን። እናንተ ሁልጊዜ የምትጽፉት አምባሳደሩ ስለ ተናገረው ነው፤ አምባሳደሩ ስለ ተቀመጠበት ወንበር ግን ማንም ጽፎ አያውቅም አሉን። በ2013 ዓ.ም. ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ብዙ ኤምባሲዎቻችን እንዲዘጉ በተወሰነ ጊዜ፣ የመዝጋቱ ሥራ የሚጀመረው ሰንደቅ ዓላማ በማውረድ ሳይሆን ዕቃ በመቁጠር እንደሆነ በደንብ አድርገው አስረዱን። እኛ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ጊዜ ያልሆነን፣ አፋችንን በስምምነትና በውል ስም የሞላን ሰዎች ስለሆንን ጥቂት አፈርን። ጎማው ተሠርቶ ጉዞ ስንቀጥል ግን አንድ ጥያቄ አብሮን ተሳፈረ፤ ከቀድሞ ሚኒስትሮቻችን መካከል የጋሼን ነገር በቶሎ የሚረዳቸው የትኛው ይሆን? ወደ ሐሳባችን የመጡት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው።

ኅሩይ በ1870 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበረ። አባታቸውን በልጅነታቸው አጡና ትምህርታቸውን በችግር ተከታትለው በመጨረሻ እንጦጦ ራጉኤል ደረሱ። አንባቢዎቻችን ደራሲነታቸውን አሳምረው ስለሚያውቁ በዚያ ላይ አንዘገይም። እኛን የሚገርመን ሌላ ነው። ይህ ሰው ከምንም ነገር አስቀድሞ ቆጣሪ ነበር። በ1904 ዓ.ም. ያሳተሙት መጽሐፍ በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት በዝርዝር የሚቆጥር ነው፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደገና አወጡት። በ1915 ዓ.ም. ያወጡት የሕይወት ታሪክ መጽሐፍም የሰዎች መዝገብ ነው፤ መኳንንቱን፣ ሊቃውንቱን፣ የእጅ ሥራ ዐዋቂውን በየስማቸው ይዘረዝራል። አገሩ ምን እንዳለው ሳይመዘግብ ምን እንደጎደለው ሊናገር የማይወድ ሰው የሚሠራው እንዲህ ያለውን ሥራ ነው።

በዚያን ጊዜ የውጭ ጉዳይ የሚባለው መሥሪያ ቤት ምን ይመስል እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የውጭ ጉዳይና የንግድ ሥራ ሁለቱም በአንድ ሰው፣ በነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ እጅ ነበሩ። ከዐድዋ ድል በኋላ እንግሊዝም፣ ፈረንሳይም፣ ጣልያንም፣ ሩሲያም አዲስ አበባ ላይ ከንጉሠ ነገሥቱ ሰፊ ሰፊ መሬት ተቀብለው ሌጋሲዮናቸውን ሲተክሉ፣ ኢትዮጵያ ግን በአውሮፓ ከተሞች የራስዋ የምትለው ጣሪያ አልነበራትም። መልእክተኞችዋ ሲሄዱ በሆቴል ያርፋሉ፤ ቋሚ ጉዳይ ያለበት አገር ሲገኝ ለአንድ የውጭ አገር ሰው የቆንስልነት ስም ይሰጠዋል። የመንግሥቱ የውጭ ጉዳይ ንብረት እንግዲህ ከመልእክተኛው ሣጥን ጋር ይሄዳል፤ ከሣጥኑም ጋር ይመለሳል።

ኅሩይ ይህን የሣጥን ዘመን በሚገባ ቀምሰውታል። በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ ዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሲላኩ አብረው ሄዱ። በ1911 ዓ.ም. ከደጃዝማች ናደውና ከከንቲባ ገብሩ ጋር እስከ አሜሪካ ተጓዙ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮፓን ሲጎበኙ ከተከተሏቸው አንዱ ነበሩ። በዚህ መካከል የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ የውጭ አገር ዜጎችና የአገሬው ሰው በሚካሰሱበት በልዩ ፍርድ ቤትም ዳኝተዋል። በዚያ ችሎት ቆንስሎች ከዳኞች ጎን እየተቀመጡ ለዜጎቻቸው ይከራከሩ ነበር። የቤት ኪራይ፣ የዕቃ ዋጋ፣ የብድር ነገር ከውጭ መንግሥት ጋር የሚያጋጭ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል እዚያ የተቀመጠ ዳኛ ሳያውቅ አይቀርም።

በ1920ዎቹ መጀመሪያ የውጭ ጉዳይ ሥራ በእጃቸው ገባ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ሲከበር ከእንግሊዝ የግሎስተር መስፍን፣ ከፈረንሳይ ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ፣ ከጣልያን የንጉሣዊው ቤተ ሰብ ልዑል መጡ፤ ሌሎችም ብዙ መንግሥታት መልእክተኛ ላኩ። ይህ ሁሉ እንግዳ ከጅቡቲ በባቡር ሲጫን ማሰብ ነው! ማደሪያው፣ አልጋው፣ አሽከሩ፣ መኪናው፣ ማን ከማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ ሳይቀር መዘጋጀት ነበረበት። ከተማዋ በቂ ሆቴል ስላልነበራት የመኳንንት ቤት ሳይቀር ለእንግዳ ተለቀቀ። ዛሬ የታሪክ መጽሐፍ ስናነብ የምናየው ዘውዱንና ሠረገላውን ነው። የቡልቡላው ጋሼ ቢሆኑ ግን አንሶላው ከየት እንደመጣ በጠየቁ ነበር፤ ልክም ናቸው።

በ1924 ዓ.ም. ኅሩይ የመልእክት ጓድ መርተው ወደ ጃፓን ተጓዙ፤ ሲመለሱም ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። በዚሁ ዘመን ኢትዮጵያ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በሮማ ቋሚ ሌጋሲዮን ነበራት። ቋሚ ሌጋሲዮን ማለት በየወሩ ኪራይ፣ በየወሩ ደመወዝ፣ የቴሌግራም ክፍያ ማለት ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ በለንደን የነበሩት ሚኒስትራችን ሐኪም ወርቅነህ ከዲፕሎማሲው ሌላ ለአገራቸው ገንዘብ በመለመን ይደክሙ ነበር። ጣልያን መርዝ የሚረጭ አውሮፕላን ሲያሰማራ የእኛ ሌጋሲዮን የእርዳታ ሣጥን ይዞ መቆሙን ስናስብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልባችን ይከብዳል።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲነሡ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ተከትለዋቸው ወጡ። በሦስተኛው ቀን ጣልያኖች አዲስ አበባ ገቡ። ማተሚያ ቤት የነበረው የኅሩይ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ እንኳ ለአንባቢ ሳይደርስ ተቋረጠ። ስደተኞቹ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ፣ ከዚያም ወደ ኢየሩሳሌም ሄዱ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ግንቦት 26 ቀን እንግሊዝ አገር ደረሱ።

ባዝ በሚባለው ከተማ ፌርፊልድ የተባለ ቤት ተገዛ። የኢትዮጵያ መንግሥት በስደት የሚኖርበት ቤት ይኸው ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ፣ ልጆቻቸው፣ ካህናቱ፣ ባለሟሎቹ በዚህ ጣሪያ ሥር ሲገቡና ሲወጡ ኖሩ፤ በግቢው ያለው የመስታወት የአበባ ቤት ጸሎት ቤት ሆነ። የእንግሊዝ አገር ብርድ ከሰል ይጠይቃል፤ ከሰል ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ከቤተ መንግሥት የወጣው የብር ዕቃ ለንደን ውስጥ በሐራጅ ተሸጠ። መጻሕፍትንና ሰዎችን ሲመዘግብ የኖረ ሚኒስትር አሁን የሚያየው የሚጨመርበትን መዝገብ ሳይሆን የሚቀነስበትን ነው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በአዲስ አበባ በተፈጸመው ፍጅት ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ ተገደለ። ይህ በምንም ሞዴል ወጪ የሚሆን አይደለም።

ከዚህ ላይ አንባቢ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ እንዲከተለን እንለምናለን። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በአዲስ አበባና በእንግሊዝ አገር መካከል ስለሚሠራው የሬዲዮ ቴሌግራፍ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ውል ነበረው፤ በሒሳቡም ከ10,000 ፓውንድ የሚበልጥ የኢትዮጵያ ገንዘብ በኩባንያው እጅ ቀርቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ገንዘብ ለመቀበል ለንደን ላይ ከሰሱ። የክርክሩ ነገር ዕዳው አለ ወይስ የለም አልነበረም፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ማን ነው የሚል ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ጣልያን ኢትዮጵያን በእጁ ማድረጉን አምኖ፣ ሕጋዊ ንጉሠ ነገሥት ግን አሁንም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው ይል ነበርና፣ ዳኛው በሐምሌ 1930 ዓ.ም. ለንጉሠ ነገሥቱ ፈረዱ። ኩባንያው ይግባኝ አለ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ የይግባኙን መጨረሻ አላዩም። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በዚያው በፌርፊልድ ቤት ዐረፉ፤ በባዝ ከተማ መቃብርም ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት ተቀበሩ። በሞቱበት ቀን፣ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ዓይን፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ገንዘብ ገና የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ገንዘብ ነበረ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር ወር፣ የእንግሊዝ መንግሥት የጣልያንን ንጉሥ የኢትዮጵያ ሕጋዊ ንጉሠ ነገሥት አድርጎ ተቀበለ። ወሩ ሳያልቅም የይግባኙ ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ፍርድ ገለበጠው፤ የመንግሥቱ ንብረት ከመንግሥቱ ጋር ወደ ጣልያን ንጉሥ ተላልፏል ተባለ። ከዚያ ቤት አንድ ወንበር ሳይነቃነቅ፣ አንድ ሣጥን ሳይከፈት፣ በአንድ ደብዳቤ ባለ ገንዘቡ ተለወጠ።

በዩኒቨርሲቲ ይህን ፍርድ የተማርነው ለዓለም አቀፍ ሕግ ምሳሌ ተብሎ ነው። የመንግሥታት ዕውቅና ምን ውጤት እንዳለው ለማሳየት የሚጠቀስ ስለሆነ ፈተና ላይም ይመጣል። በባዝ ግን የከሰል ሒሳብ ነበረ።

አርበኞች በዱር በገደል የተዋጉለት ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ተመለሰ። የብላቴን ጌታ ኅሩይም ዐፅም በኋላ ከባዝ ወጥቶ ወደ አገሩ ገባ። ፌርፊልድ ቤትን ንጉሠ ነገሥቱ በ1950 ዓ.ም. ገደማ የሽማግሌዎች መጦሪያ እንዲሆን ለባዝ ከተማ ሰጡት።

ከሻሸመኔ ስንመለስ ቡልቡላ ላይ መኪናውን አስቁመን ጋሼን በዚያችው በረንዳ አገኘናቸውና ይህን ታሪክ አጫወትናቸው። ዝም ብለው አደመጡን። ስለ ፍርዱ አንዳች አልተናገሩም። ቤቱ ለከተማው ሲሰጥ ውስጡ ያለው ዕቃ አብሮ ተሰጥቶ እንደሆነ ብቻ ጠየቁን፤ ከዚያም ሻያቸውን ጨርሰው ባርኔጣቸውን አነሡ።