ሪር አድሚራል ግሬስ ሆፐር፤ ሕይወታቸውና የሥራ ልማዳቸው

የኮምፒዩተር ፕሮግራም አዘጋጆች ስለ ሙያቸው ታሪክ ሲወያዩ ስማቸው ተደጋግሞ ከሚነሣው ቀደምት ባለሙያዎች አንዷ ግሬስ ሆፐር ናቸው። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት በኮምፒዩተር ውስጥ ሞታ ከተገኘች አንዲት የእሳት እራት ጋር ተያይዘው ነው። ይህ ታሪክ ለጨዋታ ይመች ይሆናል እንጂ ብቻውን ለሙያ አጋሮቼ የሚሰጠው ጥቅም አይታየኝም። በመሆኑም የኚህን ምሁር ሕይወት ከዕለት ተዕለት የአሠራር ልማዳቸው አንጻር ለመተረክ አስቤአለሁ። ሆፐር ከአርባ ዓመታት በላይ፣ ሙያው መልኩን ደጋግሞ ሲለውጥ፣ ከሥራው ግንባር ሳይለዩ የቆዩት በጭንቅላታቸው ብሩህነት ብቻ አልነበረም፤ የሚያውቁትን ሌላ ሰው ሊሠራበት በሚችል መልክ ጽፈው የማስተላለፍ ልማድ ስለነበራቸው ጭምር ነው የሚል እምነት አለኝ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሆፐር የልጅነት ስማቸው ግሬስ ብሩስተር መሪ ሲሆን፣ የተወለዱት ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ የማንቂያ ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈቱ፤ መልሰው መግጠም ቢያቅታቸው ሁለተኛውን፣ ቀጥሎም ሦስተኛውን እያሉ በቤቱ የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች ሁሉ በታተኗቸው። እናታቸው ነገሩን በደረሱበት ጊዜ ልጅቷን አልከለከሉም፤ ከዚያ ወዲያ የምትፈታው ሰዓት ግን አንድ ብቻ እንዲሆን ወሰኑ። በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብና ፊዚክስ ተምረው በ1928 ተመረቁ፤ በዬል ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪያቸውን በ1930፣ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በ1934 ተቀበሉ። የሚታወቁበትን የሆፐር ስም ያገኙት በ1930 ካገቧቸው የሥነ ጽሑፍ መምህር ከቪንሰንት ሆፐር ነው፤ ጋብቻው በ1945 በፍቺ ፈርሷል።

በቫሳር ኮሌጅ ሒሳብ ሲያስተምሩ ያደርጉት የነበረ አንድ ነገር በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። የሒሳብ ተማሪዎቻቸው ስለ አንድ ቀመር በድርሰት መልክ እንዲጽፉ ያዝዟቸው ነበር። ተማሪዎቹም የመጣነው ሒሳብ ለመማር እንጂ ድርሰት ለመማር አይደለም ብለው ያጉረመርሙ ነበር። መምህርቷ ግን ያወቀውን ለሌላ ማስረዳት ለማይችል ሰው ሒሳብ መማር ምንም አይፈይድም በሚለው አቋማቸው ጸኑ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር በዓይናቸው ሳያዩ የያዙት ይህ አቋም፣ ወደፊት ለሠሩት ሥራ ሁሉ መሠረት እንደሆነ እገምታለሁ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ወደ ባሕር ኃይል ለመግባት ሲጠይቁ ዕድሜያቸው አልፏል፤ ክብደታቸውም ከተወሰነው በታች ነው ተባሉ። ነገር ግን በልዩ ፈቃድ በዲሴምበር 1943 በተጠባባቂነት ተቀጠሩ፤ የመኮንንነት ሥልጠናውንም ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው ፈጸሙ። በጁላይ 1944 የተመደቡት ወደ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በዚያ በሃዋርድ ኤይከን አለቃነት የሚሠራ ማርክ አንድ የተባለ የስሌት መኪና ነበር። ርዝመቱ 15 ሜትር ተኩል፣ ከፍታው 2 ሜትር ከ40፣ ክብደቱም 4 ተኩል ቶን ያህል ሲሆን፣ ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥቅል ነበር። በአንድ ሴኮንድ ሦስት ድምር ይደምራል፤ ለአንድ ማባዛት 6 ሴኮንድ፣ ለአንድ ማካፈል 15 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። የሠላሳ ሰባት ዓመቷ የሒሳብ ዶክተር እንዲህ ያለ መኪና አይተው አያውቁም ነበር፤ ሆኖም ኤይከን ገና እንደደረሱ አንድ የስሌት ሥራ ሰጥተው በሳምንት ውስጥ እንዲያደርሱ አዘዟቸው።

በዚህ ፍጥነት የሚሠራ መኪና ላይ አንዲት የተሳሳተች ቀዳዳ የብዙ ቀን ድካም ታባክናለች። ስለዚህ በቤተ ሙከራው ሥራው የተጀመረበትና የተቋረጠበት ሰዓት፣ የተደረገው ሙከራና የተገኘው ጉድለት በመዝገብ ላይ ይሰፍር ነበር። ከዚህም ሌላ ሆፐርና ባልደረቦቻቸው ሪቻርድ ብሎክና ሮበርት ካምቤል፣ ተፈትሾ ትክክለኛነቱ የታወቀውን እያንዳንዱን የፕሮግራም ቁራጭ በደብተር ይጽፉ ነበር። አንዳቸው የሚያስፈልጋቸው ስሌት በሌላው ደብተር ውስጥ ከተገኘ ከዚያ ይገለብጡታል። ዛሬ ንዑስ ፕሮግራም የምንለው ነገር አንደኛው ምንጩ ይህ የደብተር መዋዋስ ነው።

ቀጥሎ ኤይከን ስለ መኪናው መጽሐፍ እንዲጽፉ አዘዟቸው። መጽሐፍ ጽፈው እንደማያውቁ ቢናገሩም ባሕር ኃይል ውስጥ መሆናቸው ተነገራቸውና ጀመሩ። በየቀኑ አምስት ገጽ ያህል እየጻፉ ማታ ማታ ለኤይከን ያነቡላቸው ነበር፤ ያልተወደደው ይሰረዛል፣ በማግስቱ እንደገና ይጻፋል። ሥራው ከአምስት መቶ ገጽ በላይ የሆነ የአሠራር መመሪያ ሆኖ በ1946 ታተመ። ከእኛ መካከል መመሪያ የሚጽፈው ሥራው ካለቀ በኋላ፣ ያውም አለቃው ሲጨቀጭቀው አይደለምን? ሆፐር ግን የፕሮግራሙን ሥራ ጎን ለጎን እያካሄዱ፣ በየዕለቱ በሚሰማ ሰው ፊት እያነበቡ ነው የጻፉት። ሌላ ሰው ሲሰማው የማይገባ አንቀጽ ለብቻው በሚያነብ ሰውም ዘንድ እንደማይገባ የታወቀ ነው።

የእሳት እራቷን ነገር ያነሣሁት ስለሆነ ሳልፈጽመው ልለፈው አልፈልግም። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ማርክ ሁለት በተባለው ተከታይ መኪና ላይ የተጻፈው ገጽ በአሜሪካ የታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ሰዓቶቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ብንመልሳቸው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት መኪናው ተነሣ፤ በ4 ሰዓት ቆመ፤ በ5 ሰዓት የኮሳይን ጥቅል ተጀመረ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ25 የማባዣና የመደመሪያ ክፍሉ ሙከራ ቀጠለ፤ ከሃያ ደቂቃ በኋላ በሰባኛው ሪሌይ ውስጥ እራቷ ተገኘች፤ በ10 ሰዓት ተኩል ሥራው ደግሞ ተጀመረ፤ በ11 ሰዓት ተዘጋ። እራቷም በማጣበቂያ በገጹ ላይ ተለጥፋለች። ነፍሳቷን ያገኟት ሆፐር ራሳቸው አልነበሩም፤ ታሪኩን በየንግግራቸው እያነሡ ያሳወቁት ግን እርሳቸው ናቸው። የመኪናን ጉድለት በነፍሳት ስም መጥራትም ከዚያ በፊት፣ በኤዲሰን ዘመን ጭምር፣ በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደ ነበር። እኔን የሚያስደንቀኝ እራቷ ሳትሆን በዙሪያዋ ያሉት መስመሮች ናቸው፤ ብልሽቱ መቼ፣ በየትኛው ሙከራ ላይ፣ በየትኛው ክፍል እንደተገኘ ያ ገጽ እስከ ዛሬ ይናገራል።

በ1949 በሃርቫርድ የነበራቸው የተመራማሪነት ውል አበቃ፤ ዩኒቨርሲቲው ለሴት ምሁር ቋሚ ቦታ አልነበረውም። በዚያው ዘመን የመጠጥ ችግር እንደገጠማቸው የሕይወት ታሪካቸውን ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ለዓመታት ሌሊትና ቀን ሳይለይ በሠራ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር መድረሱ የሚያስገርም አይደለም፤ ታሪካቸው ሲተረክ ይህንን መደበቅም አግባብ አይመስለኝም። በፊላደልፊያ ወደሚገኘው የኤከርትና የሞክሊ የኮምፒዩተር ኩባንያ ገብተው ዩኒቫክ የተባለውን ኮምፒዩተር በማዘጋጀቱ ሥራ ተካፈሉ።

በዚህ ኩባንያ ሳሉ ነው ትልቁ ሐሳባቸው የተወለደው። የፕሮግራም አዘጋጆቹ ንዑስ ፕሮግራሞችን ከደብተር ሲገለብጡ፣ በውስጡ ያሉትን አድራሻዎች ከአዲሱ ስፍራ ጋር እንዲስማሙ በእጃቸው እየደመሩ መለወጥ ነበረባቸው። ሆፐር የተገነዘቡት ሰው በሁለት ነገር ደካማ መሆኑን ነው፤ መገልበጥና መደመር። የአንዱ እጅ ጽሑፍ ለሌላው ይምታታል፤ ምልክቱ ቁጥር መስሎ ይነበባል። ኮምፒዩተር ግን የተሠራው ለእነዚሁ ለሁለቱ ሥራዎች ነው! ስለዚህ ንዑስ ፕሮግራሞቹ በተርታ ቁጥር ተሰይመው በቴፕ ላይ እንዲቀመጡ፣ ኮምፒዩተሩም በተሰጠው ዝርዝር መሠረት ፈልጎ፣ ገልብጦና አድራሻቸውን አስተካክሎ አንድ ሙሉ ፕሮግራም እንዲያዘጋጅ አደረጉ። ኤ ዜሮ የተባለውና በ1951 እና በ1952 መካከል የተሠራው ኮምፓይለር ይኸው ነው። በዛሬ አነጋገር ቢመዘን ከኮምፓይለር ይልቅ ፕሮግራሞችን አያይዞ ለሥራ ወደሚያዘጋጀው መሣሪያ ይጠጋል፤ ይህ ግን የሐሳቡን ታላቅነት አይቀንሰውም። ኤ ዜሮ የበቀለው ከደብተሩ ነውና፣ ያ የሃርቫርድ የመጻፍ ልማድ ባይኖር ኖሮ ኮምፒዩተሩ የሚገለብጠው ነገር ባልተገኘም ነበር።

ሥራው የገጠመው ተቃውሞ ሊነገር የሚገባው ነው። አለቆቻቸው ኮምፒዩተር ቁጥር ከማስላት በቀር ፕሮግራም ሊጽፍ አይችልም አሉ። ከዚህ የባሰው ግን ከባልደረቦቻቸው ከራሳቸው መምጣቱ ነው፤ በጥቂቶች ብቻ የሚታወቅ ምሥጢራዊ ጥበብ ባለቤት የነበሩት ፕሮግራም አዘጋጆች ጥበቡ ለሁሉ ሲከፈት ክብራቸውም እንጀራቸውም የሚቀር መሰላቸው። ይህ ስጋት ለእኛም እንግዳ አይደለም። አንድ መሥሪያ ቤት ስሙን ሳልጠቅስ ላንሣ፤ የደመወዝ ፕሮግራሙን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አንዲት ገጽ ማስታወሻ አልነበረውም። ሰውዬው ተፈላጊነቱ በዚህ የተጠበቀ መስሎት ነበር። ይሁን እንጂ ከእርሱ በቀር ሥራውን የሚይዝ ስላልነበረ ዓመት ዕረፍቱን መውሰድ ተሳነው፤ የዕድገት ዕድልም ሲመጣ ማን ይተካዋል ተብሎ ታለፈ። ሆፐር የሄዱበት መንገድ ተቃራኒው ነበር። ኤ ሁለት የተባለውን የተሻሻለ ኮምፓይለር ከነሙሉ ይዘቱ ለኩባንያው ደንበኞች በማደል፣ ያሻሻሉትን መልሰው እንዲልኩ ጋበዙ። እርሳቸውም ሥራ አላጡም፤ በ1954 የዚሁ ዘርፍ ክፍል ኃላፊ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የነጋዴውንና የሒሳብ ሹሙን ሥራ በተራ የእንግሊዝኛ ቃላት ለኮምፒዩተር ማዘዝ እንዲቻል ተነሡ። ሐሳባቸውን ለአለቆች ሲያሳዩ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም አሠርተው አቀረቡ። ዓላማቸው ቃሉ ለመኪናው ምልክት ብቻ መሆኑን፣ የትኛውም ቋንቋ ሊተካው እንደሚችል ማስረዳት ነበር። አለቆቹ ግን ፊላደልፊያ የተሠራ የአሜሪካ ኮምፒዩተር ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ሊያውቅ አይችልም ብለው ደነገጡ። (በራሱ ፊደል ለሚጽፍ የእኛ አንባቢ ይህ የሆፐር ማስረጃ ከሌላው ሰው ይልቅ ቅርብ ሳይሆን አይቀርም።) ሥራው ፍሎውማቲክ በሚል ስም ወጣ። በሜይ 1959 በአሜሪካ የመከላከያ ሚኒስቴር የተሰበሰቡት ባለሙያዎች ለሁሉም አምራቾች ኮምፒዩተሮች የሚሆን የጋራ የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ሲወስኑ፣ ዋናው መነሻ ፍሎውማቲክ ሆነ። ቋንቋውም ኮቦል ተባለ። ሆፐር ብዙ ጊዜ የኮቦል እናት ይባላሉ፤ በእኔ አስተያየት ይህ ስም ቋንቋውን የነደፈውን ኮሚቴ አባላት፣ በተለይም ጂን ሳሜትን የመሳሰሉትን፣ ድርሻ ያሳንሳል። ሆፐር የነበሩት አማካሪ ነው። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ኮምፒዩተሮች ላይ በጥቂት ለውጥ ብቻ ሠርቶ ታየ።

በ1966 መጨረሻ በኮማንደርነት ማዕረግ ከተጠባባቂው ጦር በጡረታ ተሰናበቱ። ጡረታው የቆየው ሰባት ወር ያህል ነው። ባሕር ኃይሉ በየክፍሉ ልዩ ልዩ ዓይነት የኮቦል ኮምፓይለር ተበታትኖበት ስለነበር፣ በኦገስት 1967 ለስድስት ወር ተብለው ተጠሩ፤ ስድስት ወሩ ወደ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተራዘመ። አንድ ኮምፓይለር ከደረጃው ጋር መስማማቱን የሚመረምሩ የሙከራ ፕሮግራሞችን በማዘጋጀቱ ሥራ የተሰማሩት በዚህ ጊዜ ነው። ደረጃ ማውጣት አሰልቺና ምስጋና የሌለው ተግባር እንደሆነ የምናውቅ እናውቀዋለን፤ እርሳቸው የያዙት በስድሳ ዓመታቸው ነው። ማዕረጋቸውም በ1973 ካፕቴን፣ በ1983 ኮሞዶር፣ በ1985 ሪር አድሚራል ሆነ።

በእነዚህ ዓመታት በየስፍራው እየተዘዋወሩ ለወጣቶች ንግግር ያደርጉ ነበር። ለአድማጮቻቸው 30 ሴንቲሜትር ያህል ርዝመት ያለው የስልክ ሽቦ ቁራጭ ያድሉ ነበር፤ ይህም ኤሌክትሪክ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ ሊሄድ የሚችለው ከፍተኛ ርቀት ነው። የመልእክት መዘግየት ምክንያቱ ለማይገባው የጦር አለቃ፣ እስከ ሳተላይቱ ድረስ ስንት እንዲህ ያለ ቁራጭ እንደሚደረደር አስቦ እንዲረዳው ነው። በቢሯቸው ግድግዳ የሰቀሉት ሰዓትም ወደ ኋላ የሚዞር ነበር፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምንሠራው ለሚሉት መልስ እንዲሆን። ሰዓቱን ለማንበብ የተቸገረ ሰው ከሁለት ቀን በኋላ ይለምደው ነበር ይባላል።

ኦገስት 14 ቀን 1986 በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በቦስተን ወደብ፣ ኮንስቲትዩሽን በተባለችው ጥንታዊ የጦር መርከብ ላይ በተደረገ ሥነ ሥርዓት ከባሕር ኃይሉ ተሰናበቱ። ብዙም ሳይቆዩ ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው የኮምፒዩተር ኩባንያ በአማካሪነት ተቀጥረው፣ ሽቦዎቻቸውን ይዘው በየጉባኤው መናገራቸውን ቀጠሉ። ጃኑዋሪ 1 ቀን 1992 በሰማንያ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብርም በወታደራዊ ክብር ተቀበሩ።