ቶማስ ኤዲሰን እና የመጀመሪያው የመብራት ቆጣሪ

የቶማስ አልቫ ኤዲሰን ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚታወሰው አምፖሉ ነው። ይሁን እንጂ መብራትን እንደ ሸቀጥ ለሕዝብ ለመሸጥ የተነሣው ይህ ሰው ከአምፖሉ ያላነሰ ከባድ ጥያቄ ገጥሞት ነበር። በቁና የማይሰፈር፣ በክንድ የማይለካ፣ በዓይን የማይታይ ነገር እንዴት ተቆጥሮ ይሸጣል? ገዥውስ ቆጠራውን እንዴት ያምናል? ዛሬ በየቤታችን ግድግዳ ላይ የምናየው ቆጣሪ፣ በካርድ የሚሞላውም ሆነ ንባቡን በራሱ ወደ ማዕከል የሚልከው፣ ከዚህ ጥያቄ የተወለደ ነው። የኤዲሰንን ሕይወት በዚህ በኩል መመልከት ስለ ሰውዬው ብዙ ነገር ይገልጣል።

ኤዲሰን እ.አ.አ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1847 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ማይላን በምትባል አነስተኛ ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ ሰባተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። ቤተሰቡ በ1854 ወደ ሚሺጋን ግዛት፣ ወደ ፖርት ሂውሮን ተዛወረ። ትምህርት ቤት የቆየው ለጥቂት ወራት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ መምህርት የነበረችው እናቱ ናንሲ በቤት ውስጥ አስተማረችው። የመስማት ችሎታው ገና በልጅነቱ እየደከመ ሄደ። ዕድሜው ለሥራ እንደደረሰም ከፖርት ሂውሮን ወደ ዲትሮይት በሚመላለሰው ባቡር ላይ ጋዜጣና ጣፋጭ መሸጥ ጀመረ።

በ1862 የሕይወቱን አቅጣጫ የለወጠ አጋጣሚ መጣ። በማውንት ክሌመንስ ጣቢያ ሐዲድ ላይ ይጫወት የነበረን ሕፃን ከሚመጣ ፉርጎ መንገድ ነጥቆ አዳነ። የሕፃኑ አባት የጣቢያው ኃላፊ ነበርና ውለታውን የመለሰው ቴሌግራፍ በማስተማር ነው። ወጣቱ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ በቴሌግራፍ ሠራተኛነት ኖረ። ሩቅ ያለን ነገር በሽቦ ማወቅ፣ በሽቦም ማዘዝ እንደሚቻል ያየው በዚህ ጊዜ ነው።

በሕግ ያስመዘገበው የመጀመሪያ የፈጠራ ሥራው ራሱ የቆጠራ መሣሪያ ነበር። በ1869 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ይህ መሣሪያ የምክር ቤት አባላት ከወንበራቸው ሳይነሡ ድምፅ እንዲሰጡ፣ ድምፁም በሽቦ ተጉዞ በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ወዲያው እንዲቆጠር የሚያደርግ ነው። መሣሪያው ይሠራል፤ ፈላጊ ግን አላገኘም። የድምፅ አሰጣጡ መንዛዛት ለአናሳው ወገን የመከራከሪያና የመደራደሪያ ጊዜ ይሰጠው ስለነበር ፖለቲከኞቹ ፍጥነቱን አልወደዱትም። ኤዲሰን ከዚያ ወዲህ ሰው የማይገዛውን ነገር ላለመሥራት ወሰነ። በዚያው ዓመት ወደ ኒውዮርክ ሄደ፤ የወርቅን ዋጋ በሽቦ ለነጋዴዎች ቢሮ የሚያስተላልፈው ማሽን ድንገት ቢቆም እርሱ ጠግኖ አስነሣው፤ በዚያም ሥራ አገኘ። የአክሲዮን ዋጋ የሚያትሙ መሣሪያዎችን አሻሽሎ ባገኘው ገንዘብ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ።

በ1876 በኒው ጀርሲ ሜንሎ ፓርክ ላቦራቶሪ አቋቋመ። በተከታዩ ዓመት ድምፅን ቀርጾ መልሶ የሚያሰማውን ፎኖግራፍ ሠራ። የዚህ ፈጠራ ውጤት እኛም ጋ ደርሷል፤ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1898 ለዐፄ ምኒልክ የላኩት የቃል መልእክት በፎኖግራፍ የተቀረጸ ነበር።

ወደ መብራቱ የዞረው በ1878 ነው። በዘመኑ ታላላቅ ከተሞች የሚበሩት በጋዝ ነበር። ጋዙ በቧንቧ በየቤቱ ይገባል፣ በቆጣሪ ያልፋል፣ ሒሳቡም በወር ይከፈላል። ኤዲሰን የጋዝ ኩባንያዎችን አሠራር አጠና። ዓላማው አንድ አምፖል ማብራት ብቻ አልነበረም። ማመንጫውን፣ ከመሬት በታች የሚቀበረውን መስመር፣ ማብሪያ ማጥፊያውን፣ ፊውዙን፣ አምፖሉንና ቆጣሪውን በአንድነት ሠርቶ ከጋዝ ጋር በገበያ ሊወዳደር ፈለገ። በእኔ እምነት ከእርሱ በፊትና በእርሱ ዘመን አምፖል ከሠሩት ብዙ ሰዎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

አምፖሉ በ1879 ተሳካ። ሴፕቴምበር 4 ቀን 1882 ደግሞ በኒውዮርክ ፐርል ጎዳና ላይ የተተከለው ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በዚያን ቀን የበሩት አምፖሎች 400 ገደማ ነበሩ። በማመንጫው ውስጥ የመስመሩን ኃይል የሚከታተል ጠቋሚ ነበረ። ኃይሉ ከሚፈለገው ሲያልፍ ቀይ መብራት፣ ሲያንስ ሰማያዊ መብራት ይበራል፤ ሠራተኛውም ይህን እያየ መዘውር በእጁ በማዞር ያስተካክለዋል። በየቤቱ ስንት አምፖል እንደበራ ሳያይ፣ ባለበት ቆሞ የአካባቢውን ፍጆታ መከተል ቻለ ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን ወዲያው አልተጀመረም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደንበኞች በነፃ ተጠቀሙ። በኋላ በየቤቱ የገባው ቆጣሪ ዛሬ ከምናውቀው ጋር ምንም አይመሳሰልም፤ የሚሽከረከር ነገርም ሆነ ቁጥር የለውም። በሣጥን ውስጥ የተቀመጠ የብርጭቆ ማሰሮ ሲሆን፣ በውስጡ የዚንክ ሰልፌት ሙሙትና ሁለት የዚንክ ሰሌዳዎች አሉ። ከዋናው የመስኖ ቦይ ጥቂት ውኃ በጠባብ ፈለግ እንደሚቀዳ ሁሉ፣ ወደ ቤቱ ከሚገባው ጅረት ከሺህ አንድ ገደማ የምትሆነው በማሰሮው ውስጥ እንድታልፍ ይደረጋል። ጅረቱ ሲያልፍ ከአንደኛው ሰሌዳ ዚንክ እየተነሣ በሌላኛው ላይ ይለጠፋል። ብዙ አምፖል ለረጅም ሰዓት ከበራ ብዙ ዚንክ፣ ጥቂት ከበራ ጥቂት ዚንክ ይሻገራል። በወሩ መጨረሻ የኩባንያው ሠራተኛ መጥቶ ሰሌዳዎቹን ይወስዳል፤ ታጥበውና ደርቀው በረቂቅ ሚዛን ይመዘናሉ፤ ከክብደቱ ለውጥ ሒሳቡ ይሰላል።

መሠረቱ ትክክለኛ ሳይንስ ነው። በጅረቱ መጠንና በተሻገረው ብረት ክብደት መካከል ያለውን ሕግ ማይክል ፋራዴይ ከ50 ዓመት ገደማ በፊት አስቀምጦት ነበር። ጉድለቱ ሌላ ነው። ደንበኛው ሣጥኑን ቢከፍት እንኳ የሚያነበው ነገር አያገኝም። ሚዛኑ በሻጩ ቤት ነው፤ መዛኙም የሻጩ ሠራተኛ ነው። እህል ገበያ ወስዶ የሚያውቅ ገበሬ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም።

ችግሩን በግልጽ ያሳየው የባለጸጋው የባንክ ባለቤት የጄ. ፒ. ሞርጋን ጉዳይ ነው። ሞርጋን ከኤዲሰን ኩባንያ ዋና ገንዘብ አቅራቢዎች አንዱ ሲሆን፣ በዎል ስትሪት የነበረው መሥሪያ ቤቱም ከመጀመሪያዎቹ ደንበኞች ነበር። እንዲያም ሆኖ ቆጣሪውን አላመነውም። ኤዲሰን ከዓመታት በኋላ እንዳወሳው በየአምፖሉ ላይ ካርድ ተሰቅሎ የበራበት ሰዓት በየቀኑ እንዲጻፍ ተደረገ። ወሩ ሲያልቅ የኩባንያው ሒሳብ ከካርዶቹ ድምር በልጦ ተገኘ። ኤዲሰን ግን በዚንኩ ይተማመን ነበርና ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ በሕንፃው ውስጥ መብራት የሚያበራ ማን እንደሆነ ጠየቀ። ለካ ማታ ማታ ቢሮዎቹን የሚያጸዳው ሠራተኛ አምፖሎቹን ያበራ ነበር፤ የእርሱን ሰዓት በካርዱ ላይ የጻፈ ሰው አልነበረም። ያ ሰዓት ሲደመር ሁለቱ ሒሳቦች ተቀራረቡ፤ ሞርጋንም አመነ። ሞርጋን ለየአምፖሉ ካርድ የሚያስጽፍበት ጸሐፊና የፈጠራውን ባለቤት ቢሮው ድረስ የሚያስጠራበት ክብር ነበረው። በዚያው መስመር ላይ ያለ ተራ ባለ ሱቅ ሁለቱም አልነበሩትም።

ክረምቱም የራሱን ፈተና አመጣ። በማሰሮው ውስጥ ያለው ሙሙት ሲበርድ ይረጋና ቆጠራው ይቆማል። ኤዲሰን በሣጥኑ ውስጥ አንድ አምፖልና ከሁለት ዓይነት ብረት የተጣበቀ ቅጠል አስገባ። ብርዱ ሲጠነክር ቅጠሉ ይታጠፍና ሁለቱን ሽቦዎች ያገናኛል፤ አምፖሉ በርቶ ማሰሮውን ያሞቃል፤ ሙቀቱ ሲመለስ ቅጠሉ ይቃናና አምፖሉ ይጠፋል። ያለ ሰው እጅ ራሱን የሚያበራና የሚያጠፋ መሣሪያ ነበር፤ የዛሬው ካውያና ምድጃ ሙቀቱን የሚጠብቀው በዚሁ ዓይነት ዘዴ ነው። ነገር ግን ለደንበኞቹ አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። በመጀመሪያው ብርዳማ ቀን ቆጣሪያቸው ከውስጥ ሲበራ ያዩ ሰዎች እሳት የተነሣ መስሏቸው ደነገጡ፤ ውኃ ያፈሰሱበትም ነበሩ።

ኤዲሰን ያከፋፍል የነበረው በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ቀጥተኛ ጅረት ነበር። ይህ ጅረት በዚያን ጊዜ ዕውቀት ከማመንጫው ብዙ ሊርቅ አይችልም። ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ ከ1886 ጀምሮ አቅጣጫውን በፍጥነት የሚቀያይረውን ተለዋዋጭ ጅረት ይዞ መጣ፤ ይህኛው ሩቅ ይጓዛል። ቢሆንም ለተለዋዋጭ ጅረት የሚሆን ቆጣሪ ገና አልነበረም። የዚንኩ ማሰሮ አይሠራለትም፤ የሄደው ብረት በቅጽበት ይመለሳልና። ስለዚህ ደንበኛው አበራም አጠፋ በአምፖል ቁጥር ይከፍል ነበር። ለኤዲሰን ወገን ይህ ትልቅ መከላከያ ሆኖለት ቆየ።

መከላከያው የፈረሰው በ1888 ነው። የዌስቲንግሃውስ ባልደረባ የነበረው ኦሊቨር ሻለንበርገር አንድ መብራት ሲመረምር የወደቀች ትንሽ ጥቅልል ሽቦ በጅረቱ ኃይል ስትዞር አስተዋለ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያንን ዙረት ወደ ቆጣሪ ለወጠው። አሁን ፍጆታው በሚዞሩ ጥርሶች ተቆጥሮ በሰሌዳ ላይ በጠቋሚ ይታያል፤ ባለቤቱ በራሱ ዓይን ያነበዋል። በ1889 ኢሊሁ ቶምሰን ለሁለቱም ዓይነት ጅረት የሚያገለግል ሌላ ቆጣሪ አወጣ።

ኤዲሰን በዚህ ጊዜ ያደረገው ለስሙ የሚያኮራ አይደለም። ተለዋዋጭ ጅረት ገዳይ መሆኑን ለሕዝብ ለማሳየት በላቦራቶሪው ውሾችና ሌሎች እንስሳት በዚሁ ጅረት ሲገደሉ ፈቀደ። ክርክሩን ግን አላሸነፈም። በ1892 ኩባንያው ከቶምሰን ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ሲባል የኤዲሰን ስም ከመጠሪያው ወጣ። የዚንኩም ማሰሮ ቀስ በቀስ ከየቤቱ ወጥቶ ቦታውን ለሚነበበው ቆጣሪ ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ ኤዲሰን በማዕድን ማጣሪያ ብዙ ገንዘብ ከሰረ፤ በሲኒማና በሲሚንቶም ሠራ። ከጉዳያችን ጋር የሚገናኘው ግን ከኒኬልና ከብረት የሠራው ባትሪ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባትሪዎች ለገበያ ቀርበው ማፍሰስ ሲጀምሩ ምርቱን አስቆመ፤ አስተማማኝ ሆነው እስኪመለሱ ድረስም ዓመታት ደከመባቸው። በ1912 በኒው ጀርሲ ዌስት ኦሬንጅ፣ ከየትኛውም ማመንጫ መስመር ያልተገናኘ መኖሪያ ቤት ለሕዝብ አሳየ። በነዳጅ የሚሠራ ሞተር ባትሪዎቹን ይሞላል፤ ባትሪዎቹም መብራቱንና የቤት ዕቃዎቹን ያሠራሉ። ሞተሩን በነፋስ መዘውር የመተካት ሐሳብም ነበረው። ሐሳቡ መስመር ላልደረሰለት የገጠር ነዋሪ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም አልተስፋፋም። ዛሬ በጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ፣ በቤት ውስጥ ባትሪ ያለው የገጠር ቤተሰብ የሚጠቀምበት አሠራር ከዚያ ቤት ብዙ አይርቅም።

በዚያው በ1912 የኤዲሰንን ስም የያዘው የቺካጎ ኩባንያ በስልክ ሽቦ አማካይነት የመስመሮቹን ጭነት ከአንድ ማዕከል መከታተል ጀመረ። ኩባንያውን ይመራ የነበረው ሳሙኤል ኢንሱል በወጣትነቱ የኤዲሰን የግል ጸሐፊ የነበረ ሰው ነው። ንባቡ ከእያንዳንዱ ቤት በሽቦ ወይም በሬዲዮ ሞገድ ወደ ማዕከል እስኪደርስ ግን ገና ብዙ አሥርት ዓመታት ይቀሩ ነበር።

ኤዲሰን 1,093 የአሜሪካ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቦ እ.አ.አ ኦክቶበር 18 ቀን 1931 በ84 ዓመቱ በዌስት ኦሬንጅ አረፈ። ለክብሩ በመላ አሜሪካ ኤሌክትሪክ ለአንድ ደቂቃ እንዲቋረጥ ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ይሁንና ሆስፒታሉም፣ የውኃ መሳቢያውም፣ ባቡሩም በዚያው መስመር ላይ ስለነበር ማቋረጡ ሕይወት ያሳጣል ተባለና ሐሳቡ ተተወ። በምትኩ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨር እያንዳንዱ ሰው የገዛ ቤቱን መብራት እንዲያጠፋ ጠየቁ። በተቀበረበት ዕለት፣ ኦክቶበር 21 ምሽት፣ ሕዝቡ መብራቱን በየራሱ እጅ ለአንድ ደቂቃ አጠፋ።